በማን ሰዓት?

«ሁዘይፋ ዛሬ ጠዋት መምህራን ክፍል አልገባም፤ ወላሂ አልገባም!»

ሱሀይላ ይህን ስትል ድምጿ እሷ ካሰበችው በላይ ጮኸ። የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ተጨናንቀው የነበሩት ተማሪዎች አፈጠጡባት። ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ገበየሁም ሁዘይፋ ላይ የቀሰሩትን ጣት ሳያወርዱ ወደ እሷ ዞሩ።

በግራ እጃቸው አንድ ቁልል ወረቀት ታቅፈዋል። የአሥረኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና ነው፤ ዛሬ ሊሰጥ የነበረና አሁን የተሰረዘ። የባዮሎጂ መምህርቷ የኔነሽ ትናንት ከሰዓት ፈተናውን ከዚህ ክፍል ኮምፒውተር መምህራን ክፍል ወዳለው ፕሪንተር ልከው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እሳቸው አጠገቡ ቆመው ሳሉ እንዲታተም አዘው ነበር። ሲመጡ ግን ሁሉም ታትሞ፣ ተደርድሮ ጠረጴዛ ላይ ጠበቃቸው። ያንን ፕሪንተር ከኮምፒውተር ማዘዝ የሚችሉ ተማሪዎች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሱሀይላና ሁዘይፋ። ሱሀይላ ያደረችው ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ እናቷ ቤት ነው። የቀረው አንድ ነው።

«እንዴት አወቅሽ?» አሉ አቶ ገበየሁ።

«ጠይቄዋለሁ። አልገባሁም ብሎኛል። እሱ አልገባሁም ካለ አልገባም። እኔ እምልለታለሁ!»

ሁዘይፋ አጠገቧ ቆሞ የጫማውን ጫፍ ያያል። ነገሩ ያኔ ሊገባት ይገባ ነበር፤ ሰው እየማለለት ቀና የማይል ልጅ አንድ የደበቀው ነገር አለው። ሱሀይላ ግን ስትናደድ የምትናደድበትን ሰው እንጂ ሌላ አታይም። በዚያ ሰዓት የምትናደደው ደግሞ አቶ ገበየሁ ላይ ነበር። ፕሪንተሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ አንድ ቀን ዞር ብለው ያላዩት ሰው፣ ዛሬ ሥራ ያስጀመሩትን ልጆች ሌባ ሊሉ መጡ።

«እትዬ ኩኩ፣ እስቲ ወዲህ ይምጡ» አሉ አቶ ገበየሁ።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ኩኩ መወልወያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው መጡ። እንዳልፈለጉ ፊታቸው ላይ ይነበባል። «እኔ በሰው ልጅ ላይ መመስከር አልወድም» አሉ። «ግን ተጠየቅሁ። ገና ሳይነጋጋ ከመምህራን ክፍል ሲወጣ አይቼዋለሁ። ይኸው ልጅ ነው።»

«አዎ» አለ ሁዘይፋ፣ አሁንም ጫማውን እያየ። «ገብቻለሁ።»

በሩ ላይ የነበሩት ተማሪዎች ፈነዱ። «ኧረ ሼም ነው!» አለ አንዱ። ወንድምአገኘሁ የሚባለው የክፍላቸው ልጅ ደግሞ፣ «በወላሂ ደግሞ!» ብሎ ጨመረበት። «የቅዳሜ ኳሳችንን በሉት እኮ! ፈተናው ለቅዳሜ ዞሯል አሉ።»

ሱሀይላ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። በእነሱ ቤት ወላሂ የሚባል ነገር እንደ ማስቲካ አይታኘክም። አባቷ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳን ለንግድ ብለው ሲምሉ አልሰማችም። እሷ ግን አሁን በግማሽ ትምህርት ቤት ፊት የአላህን ስም ጠርታ ለውሸት ማለች።

«የዲሲፕሊን ኮሚቴው ከእረፍት በኋላ ይሰበሰባል» አሉ አቶ ገበየሁ። «ፈተና የሰረቀ ተማሪ ቅጣቱ ይታወቃል፤ ዓመት ይታገዳል። አንቺ ደግሞ ለሰው ከመማልሽ በፊት ለራስሽ እወቂበት። ለኮምቦልቻው የክረምት ሥልጠና ስምሽን የላክነው ሰው ናት ብለን ነው።» ወረቀታቸውን እንደታቀፉ ሄዱ። ተማሪውም ለወሬው ሲል ተከትሏቸው ወረደ።

ሱሀይላ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገብታ በሩን ወረወረችው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ለመስኮቱ አላዘነችም።

የክፍሉ ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው። የአይሲቲ መምህሩ ደምመላሽ አምና «እነዚህ ዊንዶውስ መሸከም ቀርቶ ራሳቸውንም አይሸከሙ» ብለው ቀለል የሚለውን ሊኑክስ ጭነውባቸው፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ትዕዛዝ እየጻፉ መሥራትን ለኮምፒውተር ክበቡ ልጆች አስተምረው፣ እሳቸው ለትምህርት ሄዱ። ፕሪንተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ገዝቶ አሮጌውን ለትምህርት ቤቱ ሰጠ፤ ሲዲ የለው፣ መመሪያ የለው። ምድር ቤት መምህራን ክፍል አስቀመጡት፣ በኬብል ከኔትወርኩ ጋር አያያዙት፣ እሱም ዝም አለ። አቶ ገበየሁ ባለሙያ ይጠራል አሉ። ባለሙያው እስካሁን እየመጣ ነው።

ሥራ ያስጀመሩት ሱሀይላና ሁዘይፋ ናቸው። መጀመሪያ ኔትወርኩ ላይ አድራሻውን ፈለጉ፤ በየቁጥሩ ፒንግ እያደረጉ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» እያሉ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። አንዱ ቁጥር ላይ መልስ ሲመጣ ሁዘይፋ «አለች! ትተነፍሳለች!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። ከዚያ lpadmin በሚባለው ትዕዛዝ ኮምፒውተሩ እንዲያውቃት አስመዘገቧት። ለመመዝገብ ስም ያስፈልጋል፤ arogit አሏት። ወረቀት ስትጎትት የምታሰማው ማጓራት ደረጃ የምትወጣ አሮጊት ያስመስላታል። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ፊደሉን ጭነው እንደገና ሞከሩ። ሱሀይላ ከላይ lp ብላ የማተሚያውን ትዕዛዝ ስትጽፍ ሁዘይፋ ደረጃውን በሩጫ ይወርዳል፤ እሷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ወጣ?» ትላለች፤ እሱ ከታች «ወጣ! ሀ ሆኗል! ሀ!» ይላል።

አሁን ያ ሁሉ ሳቅ ይበልጥ አናደዳት። አልገባሁም ሲላት ዓይን ዓይኗን እያየ ነበር። ስትምል ደግሞ ዝም ብሎ አየ። አንድ ጊዜ ቢያስል፣ አንድ ጊዜ በክርኑ ቢነካት ይገባት ነበር።

ከጥቁሩ መስኮት ፊት ተቀመጠችና የሁዘይፋን ስም ከኮምፒውተሩ የሚሰርዘውን ትዕዛዝ ጻፈች። ከዚህ በኋላ እዚህ ክፍል መግቢያ አይኖረውም፤ ፋይሉም፣ አሮጊቷን የማዘዝ መብቱም አብሮ ይሄዳል። የቀረው ኢንተር መጫን ነው።

በሩ ተከፈተ። ሁዘይፋ ነው።

«ውጣ» አለችው ሳትዞር።

«አንዴ ስሚኝ፣ ሱሁ።»

«ሱሁ አትበለኝ! ውጣ ብዬሃለሁ!»

«ድንገት እኮ ነው የማልሽው። ማይልኝ ብዬሻለሁ?»

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ሱሀይላ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች። «ጥፋቱ የኔ ሆነ? ጎበዝ! አንተ ትዋሻለህ፣ እኔ እምላለሁ፣ ከዚያ ማን ማይ አለሽ ትለኛለህ? እነ ወንድምአገኘሁ እስክንጨርስ ድረስ ወላሂ እያሉ ሲስቁብኝ ይኖራሉ። ለአንተ ብዬ! ለአንተ!»

«አፉ በይኝ።»

«አልልህም።»

ሁዘይፋ በሩን ዘጋና ተደገፈው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጋሽ ሱሌማን ናቸው ያስገቡኝ» አለ ዝግ ብሎ።

ጋሽ ሱሌማን የበሩ ዘበኛ ናቸው። የሁዘይፋ ቤተሰብ በአባቱ ሥራ ምክንያት ዘንድሮ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ እሱ ግን ትምህርት ቤቱን አልለቅም ብሎ በየቀኑ በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ይወጣል። ደሴ ሲደርስ የትምህርት ቤቱ በር ገና ዝግ ነው። ኮምቦልቻ በቲሸርት የሚኬድበት ጠዋት ደሴ ላይ ጉም ነው፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጣት አያስጨብጥም። ጋሽ ሱሌማን አንጀታቸው አልችል ብሎ በር ይከፍቱለታል። ባለፈው ወር አቶ ገበየሁ ደርሰውበት፣ ከሰዓቱ በፊት ሌላ ተማሪ ካስገቡ ሥራዎን ይለቃሉ ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን ማስገባታቸውን አልተዉም።

«ገባሁ ካልኩ ማን አስገባህ ነው የሚሉኝ» አለ ሁዘይፋ። «እኚህ ሰውዬ ለኔ ብለው ደጅ ይውደቁ?»

«እሺ ለአቶ ገበየሁ ዋሽ። ለኔስ?»

«ላንቺ ብነግርሽ ትናደጂና ለሁሉም ትጮሂዋለሽ ብዬ ነዋ።»

ይህ እውነት ስለነበር የባሰ አናደዳት። እጇን አጣመረች። «መምህራን ክፍልስ ምን ቀብረህ ነበር?»

«በሩ ገርበብ ብሎ ወረቀት መሬት ላይ ፈስሶ አየሁ። አሮጊቷ እንደዚያ ሰሞኑ አብዳ ባዶ ወረቀት የተፋች መስሎኝ ላነሳ ገባሁ። ሳነሳው ፈተና ሆነ። ደነገጥኩ፤ ቶሎ ደርድሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አላነበብኩትም። ብትፈልጊ እመኚ፣ ባትፈልጊ ተይው።»

«ታትሞ ነው ያገኘሁት ነው የምትለኝ?»

«ወረቀቱ በርዶ ነበር እኮ! አሁን የታተመ ወረቀት እንዴት እንደሚሞቅ አታውቂም? ይሄ እንደ በረዶ ነበር። ጋሽ ሱሌማንም ለፈጅር ውዱእ ሲያደርጉ ስታጓራ ሰምቻለሁ ብለውኛል። እኔ ያን ሰዓት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ እያዛጋሁ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ከማን ሰማህ ሲሉኝስ?»

ደወሉ ተደወለ። ሁዘይፋ የኮሚቴው ክፍል በር ላይ እንዲጠብቅ ታዟል። ትንሽ ቆሞ አያት፤ አንድ ቃል የምትሰጠው መስሎት ነው። አልሰጠችውም። ሄደ።

ሱሀይላ ተመልሳ ተቀመጠች። የስረዛው ትዕዛዝ እንደተጻፈ ነው፤ ኢንተር ብቻ ይጠብቃል። ጣቷን ግን ሌላ ነገር ያዘው። ለፈጅር ውዱእ ሲያደርጉ። ጋሽ ሱሌማን ሁዘይፋን ለማዳን ብለው እንኳን ከሶላት ጋር የተያያዘ ነገር አይዋሹም። በዚህ ወቅት ፈጅር፣ የንጋቱ ሶላት፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። በዚያ ሰዓት ማን ነው ደሴ ላይ ከሞቀ አልጋው ተነስቶ የባዮሎጂ ፈተና የሚያትም?

የጻፈችውን አጥፍታ፣ አሮጊቷ የጨረሰቻቸውን ሥራዎች የሚያሳየውን lpstat ጻፈች። ፈተናው አለ። ላኪዋ መምህርት የኔነሽ ናቸው። ከሳቸው በኋላ ማንም አልነካውም፤ ያስቀደመው የለም፣ ያስለቀቀው የለም። ያለቀበትን ሰዓት ስታይ ለማሽኑ ጧት አምስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ይላል፤ በእኛ አሥራ አንድ ማለት ነው። ጋሽ ሱሌማን ልክ ናቸው።

«ሁለት ሰዓት አልተባልሽም?» አለቻት አሮጊቷን፣ እዚያው ከላይ ሆና። «ማን ቀድመሽ አሁኑኑ አትሚ አለሽ?»

ይህን ስትል ትናንት ከሰዓት የሆነው ነገር ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

መምህርት የኔነሽ ፍላሽ ይዘው መጥተው ነበር። የልጃቸው መዋዕለ ሕፃናት ሊዘጋ ስለሆነ ቸኩለዋል። አሁን ቢያትሙት መምህራን ክፍል ሰው ሞልቶበታል፤ ፈተናውን ሁሉም ያየዋል። ነገ ጠዋት እሳቸው ባሉበት ቢወጣ ይሻላል። ሱሀይላ ለዚህ የሚሆን ትዕዛዝ እንዳለ ታውቃለች፤ lp -H ተብሎ ሰዓቱ ከኋላው ከተጻፈ፣ ሥራው ሰዓቱ እስኪደርስ ተይዞ ይቆያል። «ግን እኔ ፈተናውን እንዳላይ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባንክ ቤት ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ሲነካ ዞር እንደሚባለው። ግድግዳውን እያየች ፊደል በፊደል ነገረቻቸው።

«ለስንት ሰዓት ይሁን?»

«ለሁለት ሰዓት።»

«እሺ። ሰረዝ፣ ትልቁ ኤች። ክፍት ቦታ። ዜሮ ሁለት፣ ሁለት ነጥብ፣ ዜሮ ዜሮ። ኢንተር።»

መምህርት የኔነሽ በማርያም ስም የሚምሉ ሰው ቢሆኑም የወሎ ልጅ ናቸውና፣ «ማሻአላህ ልበልሽ እንግዲህ!» ብለው ትከሻዋን ቸብ አድርገው ሮጡ። ሱሀይላ ክንፍ አውጥታ አመሸች።

ዜሮ ሁለት! እሷ ናት ያለችው፤ በገዛ አፏ። ማሽን የሐበሻ ሰዓት አያውቅም። ይህን የማያውቅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የለም። ስልኳ ላይ በቀን ስንት ጊዜ ስድስት ቀንሳ ስድስት ጨምራ ታነባለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ ባታዞር የስክሪኑ ጥግ ላይ የተጻፈው ሰዓት ያስታውሳት ነበር። ግድግዳ ላይ ሰዓት የለም። ጆሮዋ ሁለት ሰዓት ሰማ፣ አፏ ሁለት ብሎ መለሰ።

ግን በፈረንጅ ሁለት ከሆነ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው መታተም ያለበት፤ ለምን አሥራ አንድ? የትዕዛዙን መመሪያ ከዚያው ከጥቁሩ መስኮት ከፍታ መስመር በመስመር ወረደች። እዚያ አለ፤ ይህ ትዕዛዝ ሰዓት የሚቆጥረው በግሪንዊች ነው፣ ከኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ሁለት ላይ ሦስት፣ አምስት። የፈረንጅ አምስት የእኛ አሥራ አንድ። ፈጅር።

«አንቺ ፋራ!» አለች ጮክ ብላ፣ ለራሷ። ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። እጇን አመማት፤ ደግ አደረገ አለች። የሰረቀ የለም፣ የሰበረ የለም። ሁዘይፋ የሚታገደው እሷ በተናገረችው ዜሮ ሁለት ነው።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። መምህርት የኔነሽን ያገኘቻቸው ከኮሚቴው ክፍል ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ምስክርነት እንዲሰጡ ተጠርተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር። ሁዘይፋ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሱሀይላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ግድግዳውን፣ ዜሮ ሁለቱን፣ ግሪንዊቹን። የጋሽ ሱሌማንን ስም ብቻ ዋጠችው።

መምህርት የኔነሽ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኙ። «ለሌላ ሰው ተናግረሻል?» አሉ።

«ገና ነው። አሁን ልገባ ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ የኔ ልጅ።» ክንዷን ያዙ። «ፈተና ተማሪ ባለበት አይከፈትም። ደንብ ነው። እኔ ተማሪ እየነገረችኝ ላክሁት ብል አቶ ገበየሁ ያን ቀን ይምሩኛል?»

«ግድግዳ እኮ ነው ያየሁት ቲቸር!»

«እኔ አውቃለሁ። እሳቸው በምን ያውቃሉ? አንቺም ብትሆኚ የክረምቱ ሥልጠና አለሽ። የዚህ ፈተና ነገር ከስምሽ ጋር ከተነካካ ይሰርዙሻል።»

«ሁዘይፋስ?»

መምህርት የኔነሽ ወደ ኮሚቴው በር አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱም እኮ ዋሽቷል። ገብቶ አልገባሁም ብሏል። አንቺን በአላህ ስም አስምሎሻል፤ በሰው ፊት አዋርዶሻል። ትንሽ ቢቀጣ ምን ይጎዳዋል? ዓመቱን ሙሉ አያግዱትም፤ እኔ ገብቼ እለምንለታለሁ።»

ሱሀይላ እኚህን ሴት ትወዳቸዋለች። ክፍል ውስጥ የሴት ልጅ እጅ ሲወጣ ቀድመው የሚያዩ መምህርት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያሉት ነገር ደግሞ አንድም ውሸት የለበትም። ከትንሽ ጊዜ በፊት እሷ ራሷ ሁዘይፋ ላይ የጮኸችው ነው። ግን ቁጣዋን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው፣ ልብሷን ሳያስፈቅድ የለበሰባትን ሰው ያየች ያህል ደሟ ፈላ።

«የዋሸው እኔን ነው» አለች። «እኔው እጣላዋለሁ። ገና ምኑን አየና! አልሰረቀም ግን።»

«ሱሀይላ...»

«ስለኔ እኔ እናገራለሁ ቲቸር። ስለርስዎ እርስዎ ያውቃሉ።»

ክንዷን ቀስ አድርጋ ከእጃቸው አወጣችና በሩን አንኳኩታ ግቢ ሳትባል ገባች።

አቶ ገበየሁ ከሁለት መምህራን ጋር ረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ሁዘይፋ መሐል ወለሉ ላይ ብቻውን የተቀመጠች ወንበር ላይ ነው። እየተናገረ ነበር። «ማንም አላስገባኝም። በአጥሩ ዘልዬ ነው የገባሁት» ሲል ሰማችው። ይህም ውሸት ነው። ስለዚህኛው ውሸት ግን ሱሀይላ ምንም አላለች።

«ማን ጠራሽ?» አሉ አቶ ገበየሁ።

«ማንም። ዳይሬክተር፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ምን?»

«ሰዓትዎን ይዩልኝ እስቲ። ስንት ነው?»

ከመምህራኑ አንዷ ፈገግ ልትል ስትል አቶ ገበየሁን አይታ ተወችው። እሳቸውም ሳያስቡት የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «አራት ሰዓት ከአርባ። የምን ቧልት ነው ይሄ?»

«ለፕሪንተሩ ግን አሁን ሰባት ከአርባ ነው» አለች ሱሀይላ። «ትናንት ፈተናው ለሁለት ሰዓት እንዲያዝ ሲፈለግ፣ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ የነገርኩት እኔ ነኝ። ፈተናውን አላየሁትም፤ ሰዓቱን ግን በእኛ ሰዓት ነገርኩ። እሱ በራሱ ሰዓት አተመው። ገና ሳይነጋ፣ ሰው ሳይነካው። ሁዘይፋ መሬት የወደቀ ወረቀት ነው ያነሳው። ካላመኑኝ ላይ እንውጣና አንድ ባዶ ወረቀት በዚያው ትዕዛዝ ልላክ፤ መቼ እንደሚወጣ ራስዎ ቆመው ይዩት።»

ከመምህራኑ አንዱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አቶ ገበየሁ ግንባራቸውን ቋጥረው ሰዓታቸውን ደግመው አዩት፤ እንደከዳቸው ሁሉ።

«ይህ ማለት» አሉ ቀስ ብለው፣ «የፈተናውን ነገር አንቺ ነሽ ያበላሸሽው።»

«አዎ።»

«ለሥልጠናው ስምሽ እንደተላከ እያወቅሽ ነው እንዲህ የምትናገሪው?»

«አውቃለሁ።»

ግድግዳው ጥግ የነበረውን ወንበር እየጎተተች አምጥታ ከሁዘይፋ አጠገብ አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት። ወደ እሱ ግን አልዞረችም።

«ሱሁ» አለ በሹክሹክታ።

«አታናግረኝ።»

«ለማን ነው የነገርሽው?» አሉ አቶ ገበየሁ። «መምህርቷ ብቻቸውን እንደላኩት ነው የምናውቀው፤ ሰዓቱን የነገርሽው ለማን ነው? መልሽልኝ እንጂ! ደግሞ ያንን በር ዝጊው፤ ብርድ አስገባሽብን።»

ሱሀይላ ወለል ብሎ የተከፈተውን በር አየችው። መምህርት የኔነሽ ከቆሙበት ኮሪደር እስካሁን የተሰማ ኮቴ የለም፤ የመጣም፣ የሄደም።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።